ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ የሚያሰባስቡበት መንገድና ሙያው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ሥራ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኞቹ እዚህ አሜሪካ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥራ የሚፈልጉ ወገኖች ናቸው። ሌሎቹ አገር ቤት ሆነው፣ ዩኒቨርሲቲያቸው ራስ ገዝ ለመሆን ሲሰናዳ «የቀድሞ ተማሪዎችን አስተባብሩና ገንዘብ አምጡ» የተባሉ መምህራንና ሠራተኞች ናቸው። ሥራው በስፋት የተደራጀው አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ አኃዙና ታሪኩ በአብዛኛው ከዚያ የተወሰደ ነው። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አድቫንስመንት የሚባለው ቢሮ ሥራው ምንድን ነው?

ዩኒቨርሲቲው ከመንግሥት በጀትና ከተማሪ ክፍያ ውጭ ያሉትን ወዳጆቹን የሚይዝበት ቢሮ ነው። ገንዘብ ማሰባሰቡ፣ የምሩቃን ግንኙነቱና የሕዝብ ግንኙነቱ አንድ ላይ ይሠራሉ። ይህ አደረጃጀት መልክ የያዘው በ1958 በዌስት ቨርጂኒያ፣ ግሪንብራየር በተደረገ ጉባኤ ነው። በ1974 ደግሞ ሁለት ማኅበራት ተዋሕደው ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀውን ኬስ የተባለ የሙያ ማኅበር መሠረቱ።

በቢሮው ውስጥ ከሕዝብ ፊት የሚቆሙት ጥቂቶች ናቸው። ከጀርባ ስጦታ መዝግቦ ደረሰኝ የሚልክ፣ የለጋሾችን መረጃ የሚያጠና፣ ዳታቤዙን የሚጠብቅ፣ የምስጋና ደብዳቤና ሪፖርት የሚጽፍ ብዙ ሰው አለ። ከውጭ የሚያየው ሰው ይህን ክፍል ስለማያውቀው ሥራው የንግግር ችሎታ ብቻ የሚጠይቅ ይመስለዋል።

ስጦታው እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?

ገንዘቡ እየጨመረ፣ ሰጪው እየቀነሰ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች በ2022 የበጀት ዓመት ወደ 59.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2023 ወደ 58 ቢሊዮን፣ በ2024 ደግሞ ወደ 61.5 ቢሊዮን ዶላር ሰብስበዋል። አብዛኛው ሰው ትልቁን ድርሻ የሚሰጡት ምሩቃን ይመስሉታል፤ ከሁሉም በላይ የሚሰጡት ግን ፋውንዴሽኖች ናቸው።

ከአንድ ትውልድ በፊት ከአምስት ምሩቅ አንዱ ያህል ለተማረበት ተቋም በየዓመቱ የሆነ ነገር ይሰጥ ነበር። ዛሬ ከአሥር አንዱ እንኳ አይሰጥም። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ። ተማሪዎች ማታ ማታ እየደወሉ የሚለምኑበት የቤት ስልክ ጠፍቷል። ወጣቱ የትምህርት ብድር ተሸክሞ ይመረቃል፤ ገና ዕዳውን እየከፈለ ያለን ሰው ስጠን ማለት ይከብዳል። በ2017 የወጣው የግብር ሕግ የመደበኛ ተቀናሹን (ማንም ዝርዝር ሳያቀርብ ግብር ከሚታሰብበት ገቢው ላይ የሚቀነስለትን) መጠን በእጥፍ ያህል ስላሳደገው፣ ብዙ ቤተሰብ ስጦታውን በዝርዝር አስመዝግቦ ግብር የሚያስቀንስበት ምክንያት አጣ። በ2023 ደግሞ የዩ.ኤስ. ኒውስ የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ አሰጣጥ የምሩቃንን የስጦታ ተሳትፎ ከመመዘኛው አወጣው፤ ያን ቁጥር ለማሳደግ ሲሮጡ የነበሩ ቢሮዎችም ፊታቸውን አዞሩ።

በዚያው ልክ የጥቂቶች ስጦታ ገዝፏል። በየካቲት 2024 ሩት ጎተስማን የተባሉ የቀድሞ መምህርት በኒውዮርክ ብሮንክስ ለሚገኘው የአልበርት አይንስታይን ሕክምና ኮሌጅ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሰጥተው ትምህርቱ ለተማሪዎቹ በነፃ ሆነ። ባለሀብቱ ማይክል ብሉምበርግ ለተማሩበት ለጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ2018 1.8 ቢሊዮን፣ በ2024 ደግሞ ሌላ አንድ ቢሊዮን ሰጥተዋል። አለቆች እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ «ትንንሹን ስጦታ ትታችሁ ትልቁ ላይ አተኩሩ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ብሉምበርግ በ1964 ተመርቀው በዓመቱ ለሆፕኪንስ የሰጡት የመጀመሪያ ስጦታ አምስት ዶላር ነበር። አምስት ዶላሩን የመዘገበና ያመሰገነ ሰው ባይኖር ኖሮ የኋላው ይመጣ እንደነበር ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ዛሬ የአምስት ዶላር ሰጪዎቹን የሚያጣ ዩኒቨርሲቲ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ የሚሄድበት ቤት አይኖረውም።

ሃርቫርድን የመሰለ ሀብታም ዩኒቨርሲቲ ለምን አሁንም ይለምናል?

የሃርቫርድ ቋሚ የገንዘብ ቋት፣ ኢንዶውመንት የሚባለው፣ በሰኔ 2024 መጨረሻ 53.2 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ይሁንና ይህ እንደ ባንክ ሂሳብ እንደፈለጉ የሚያወጡት ገንዘብ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ፈንዶች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ ሰጪው በጽሑፍ ለተናገረው ዓላማ ብቻ ይውላል። ለቋንቋ ጥናት የተሰጠውን ለጣሪያ ጥገና ማዋል አይቻልም። ዋናው ሳይነካ በየዓመቱ የሚወጣው በተለምዶ ከአራት ተኩል እስከ አምስት በመቶ ያህል ነው። በተጨማሪም በ2025 የወጣው ሕግ በሀብታም የግል ዩኒቨርሲቲዎች የኢንቨስትመንት ገቢ ላይ የሚጣለውን ግብር ከ1.4 በመቶ ተነሥቶ እስከ 8 በመቶ እንዲደርስ አድርጎታል።

ትልቅ ስጦታ እንዴት ይጠየቃል?

በአብዛኛው ጥያቄው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ የትልልቅ ስጦታዎች ኃላፊ በተለምዶ ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ የሚደርሱ ሰዎች በስሙ ይመደቡለታል። መጀመሪያ ማን አቅምና ፍቅር እንዳለው ይጠናል። ከዚያ ይገናኛሉ፤ በዚያ ግንኙነት ኃላፊው ከመናገር ይልቅ ያዳምጣል። ሰውየው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ማንን ይወዳል? የትኛው መምህር ሕይወቱን ለወጠለት? ምን ያንገበግበዋል? ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ጥያቄው ሲቀርብ መጠኑም ዓላማውም በግልጽ ይነገራል፤ «የቻሉትን ያህል» ማለት በዚህ ደረጃ ሰጪውን ግራ ያጋባዋል።

ከተሰጠ በኋላ ያለው ደግሞ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ነው። ምስጋናው በጥቂት ቀናት ውስጥ መድረስ አለበት። ዓመት ሲሞላ ገንዘቡ ምን እንደሠራ የሚያሳይ ሪፖርት ይላካል፤ ስኮላርሺፕ ከሆነ የተማሪው ደብዳቤ ይጨመርበታል። ሰው ሁለተኛ ጊዜ የማይሰጥበት ዋና ምክንያት የመጀመሪያው የት እንደደረሰ ሳይነገረው መቅረቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዶነር አድቫይዝድ ፈንድ ሲባል እሰማለሁ። ምንድን ነው?

ሰጪው ገንዘቡን ወይም አክሲዮኑን እንደ ፊደሊቲ ቻሪተብል ባለ ድርጅት ሥር በሚከፈት ሂሳብ ያስቀምጣል። የግብር ቅናሹን በዚያው ዓመት ያገኛል፤ ለየትኛው በጎ አድራጎት እንደሚሄድ ግን ቀስ ብሎ ይመክራል። እስከ መቼ መሰጠት እንዳለበት የሚያስገድድ የጊዜ ገደብ በፌዴራል ሕግ የለም። ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ መንገድ የሚያገኙት ገንዘብ እያደገ ነው።

ቢሮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው፦ ቼኩ የሚመጣው በድርጅቱ ስም ስለሆነ የግብር ደረሰኝ ለግለሰቡ አይላክም፤ ቅናሹን አስቀድሞ ወስዷል። ምስጋናው ግን ለሰውየው መድረስ አለበት። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ወይ ሁለት ጊዜ ደረሰኝ ይልካል፣ ወይ ሰውየውን ጨርሶ ሳያመሰግን ይቀራል።

አዲሱ የግብር ሕግ ምን ይለውጣል?

በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ2026 ጀምሮ ስጦታውን በዝርዝር የማያስመዘግብ ሰውም በጥሬ ገንዘብ ከሰጠው ላይ ያላገባ እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር ማስቀነስ ይችላሉ፤ በዶነር አድቫይዝድ ፈንድ በኩል የሚሰጥ ግን አይቆጠርም። በዝርዝር ለሚያስመዘግቡት ደግሞ ከገቢያቸው ግማሽ በመቶ የሚሆነው የስጦታ መጠን አይቀነስላቸውም፤ ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው የሚታሰበው። በአጭሩ ለትንሹ ሰጪ በር ተከፍቷል፤ የዓመታዊ ስጦታ ክፍሎች ይህን በደብዳቤያቸው ቢናገሩት ይጠቅማቸዋል።

ዕድሜያቸው 70 ዓመት ተኩል ያለፈ ደግሞ ከአይ.አር.ኤ. የጡረታ ሂሳባቸው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲ ሲያስተላልፉ ያ ገንዘብ እንደ ገቢ አይቆጠርባቸውም። ለ2025 ጣሪያው 108,000 ዶላር ነበር። ቀድመው ወደ አሜሪካ ከመጡት ወገኖች መካከል ብዙዎች ጡረታ እየወጡ ስለሆነ፣ ይህን መንገድ ለወላጆቻችሁ ንገሯቸው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራውን ይወስደዋል?

የሥራውን ወረቀት ይወስዳል። ከመቶ ሺህ ምሩቃን መካከል ዘንድሮ ማንን ማነጋገር እንደሚሻል ይለያል፣ የደብዳቤ ረቂቅ ይጽፋል፣ የስብሰባ ማስታወሻ ያሳጥራል። ከሰው ጋር ተቀምጦ ማዘኑንና መደሰቱን የሚያይ ግን ሰው ነው። የእኔ ስጋት ያለው መረጃው ላይ ነው። የለጋሾች ዳታቤዝ የሰው አድራሻ፣ የሀብት ግምት፣ የቤተሰብ ሁኔታ ይዟል። በ2020 ብላክባድ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በመረጃ ዘራፊዎች ተጠቅቶ የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የለጋሽ መረጃ ተወሰደ፤ ኩባንያው በ2023 ከ49 ግዛቶችና ከዋሽንግተን ዲሲ ዐቃብያነ ሕግ ጋር በ49.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የሰውን ምሥጢር ሰብስቦ ነፃ የቻት ፕሮግራም ውስጥ መለጠፍ በማንኛውም ቢሮ መከልከል አለበት።

የመጣልንን ስጦታ ሁሉ እንቀበል?

አይሆንም። በግንቦት 2024 በታላሃሲ የሚገኘው ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በምረቃ ሥነ ሥርዓቱ ላይ የ237 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ መቀበሉን በአዳራሹ ፊት አበሰረ። ስጦታው ገበያ ላይ የማይሸጥ የአንድ የግል ኩባንያ አክሲዮን ነበር። ወዲያው ጥያቄ ተነሣ፣ ስጦታው ቆመ፣ ፕሬዚዳንቱም በሐምሌ ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ለአክሲዮኑ የተሰጠው ዋጋ መሠረት የሌለው መሆኑን ደመደመ። ጉዳዩን ሊያጣሩ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፤ ምሥጢሩ በጥቂቶች እጅ ስለተያዘ ግን አልተጠየቁም።

ስለዚህ የስጦታ መቀበያ ደንብ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ይጻፍ። ከየት እንደመጣ፣ ምን ግዴታ እንዳለበት፣ በሰጪው ስም የሚሰየም ነገር ካለ በምን ሁኔታ ስያሜው እንደሚሰረዝ፣ ማን እንደሚያጸድቅ። ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ደንብ መጻፍ ለማንም ይከብዳል።

ካመጣሁት ገንዘብ በመቶኛ ልከፈል?

ይህን ጥያቄ ከአገር ቤትም ከዚህም በጣም አዘውትሬ እሰማለሁ። «አሥር በመቶ ይታሰብልኝና እኔ አመጣለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። የኤ.ኤፍ.ፒ. የገንዘብ አሰባሳቢዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ ኬስም እንዲሁ አይቀበለውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ኮሚሽን የሚጠብቅ ሰው ለሰጪው የሚበጀውን ሳይሆን ዛሬ የሚፈረመውን ይመርጣል። ሰጪውም ለተማሪ ብሎ የሰጠው ገንዘብ ለደላላ መሄዱን ቢሰማ አይመለስም። በደመወዝ ይቀጠሩ፤ ጥሩ ሲሠሩ ደመወዝዎ ይደግ። በ1993 የወጣው የለጋሾች መብት ሰነድም ሰጪው፣ ስጦታ እንዲሰጥ የጠየቀው ሰው ሠራተኛ፣ በጎ ፈቃደኛ ወይም ቅጥር ወኪል መሆኑን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል።

ወደዚህ ሥራ ለመግባት ምን መማር አለብኝ?

አንድ የተወሰነ ዲግሪ አይጠየቅም። ታሪክ ያጠና፣ ሒሳብ ሥራ ያጠና፣ ነርስ የነበረ ሰው እየሠራው ነው። እንግሊዝኛቸው ገና ያልጠነከረ ወገኖች በስጦታ ምዝገባና በዳታቤዝ ክፍል መጀመር ይችላሉ፤ ጥንቃቄና ታማኝነት እዚያ ከአነጋገር በላይ ይፈለጋል፣ የቢሮውም ሥራ ከዚያ ሆኖ በሙሉ ይታያል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኞቻቸው፣ አንዳንዶቹም ለልጆቻቸው፣ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናሉ። ሥራ ስትቀጠሩ ደመወዙን ብቻ አትዩ።

ለትምህርቱ፣ በ1974 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ዘ ፈንድ ሬይዚንግ ስኩል በ1987 ወደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ዛሬም አጫጭር ኮርሶች ይሰጣል፤ በኢንተርኔትም የሚሰጡ አሉት። እሱ የሚገኝበት የሊሊ የፊላንትሮፒ ትምህርት ቤት በ2012 ሲቋቋም በዓይነቱ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ኬስም ለጀማሪዎች ሥልጠና አለው፤ ዩኒቨርሲቲው አባል ከሆነ ለሠራተኛው ብዙው ነገር በቅናሽ ወይም በነፃ ነው። ከኮርስ ሁሉ ግን የሚበልጠው ልምድ ካለው ሰው ጋር አብሮ ለጋሽ ዘንድ ሄዶ ዝም ብሎ መመልከት ነው።

ሲ.ኤፍ.አር.ኢ. የሚባለው የገንዘብ አሰባሳቢዎች የምስክር ወረቀት ያስፈልገኛል?

ለመቀጠር ግዴታ አይደለም። ለማመልከት ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ የ36 ወር የሙሉ ጊዜ ልምድና የ80 ሰዓት ትምህርት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ፈተና አለ፣ በየሦስት ዓመቱም ይታደሳል። ጀማሪ ስለ እሱ አይጨነቅ። ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወር ወይም ልምዱን ማሳየት የቸገረው ሰው ግን ቢያገኘው ይረዳዋል።

አገር ቤት ያለ ዩኒቨርሲቲ ከየት ይጀምር?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ሌሎችም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ጥያቄው ከበፊቱ ይልቅ የሚቸኩለው ለዚህ ነው። መልሴ ግን ሁልጊዜ ያው ነው፦ ከሬጅስትራር ጀምሩ። ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንደተመረቀ፣ የት እንዳለ፣ በምን ስልክ እንደሚገኝ እወቁ።

የእኛ ስም በዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለው። የውጭ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አንድ «ጽጌሬዳ» በላቲን ፊደል በአምስት ዓይነት ትጻፋለች፤ አሜሪካ ሄዳ የባሏን ስም ከያዘች ደግሞ ከነጭራሹ አትገኝም። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ስም፣ የተመረቁበት ዓመትና የትምህርት ክፍል አንድ ላይ ይያዙ። ደብዳቤው በአባት ስም «የተከበሩ አቶ» እያለ ከሄደ አባትየውን እንጂ ልጁን አልጠራም፤ በተመራቂው በራሱ ስም ይጠራ።

ቀጥሎ ባቹን ፈልጉ። የእኛ ምሩቅ ፍቅሩ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ ከባቹ፣ ከዶርም ጓደኞቹና ከትምህርት ክፍሉ ጋር ነው። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ግሩፖቻቸው ቀድሞም አሉ፤ አዲስ ማኅበር ከማቋቋም እነሱን ጠይቃችሁ ግቡ። የመጀመሪያው ጥያቄ ገንዘብ አይሁን። አንድ ተማሪ እንዲያማክሩ፣ ለአንድ ሰዓት በዙም እንዲያስተምሩ፣ የሥራ ልምምድ ቦታ እንዲፈልጉ ጠይቁ።

ገንዘብ ሲጠየቅ ዓላማው በጣም የተወሰነ ይሁን። ሰዉ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለመስጊዱ፣ ለታመመ ወዳጁ፣ ለቦንድ፣ ለተፈናቀለ ወገኑ በየጊዜው ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜም የሰጠው የት እንደደረሰ ሳይሰማ ቀርቷል። «ዩኒቨርሲቲያችንን እንርዳ» ይህን ሰው አያንቀሳቅሰውም። «ለኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ይህን መሣሪያ እንግዛ፣ ዋጋው ይህ ነው» ያንቀሳቅሰዋል። ሲገዛ ፎቶው፣ ደረሰኙና የተጠቀመው ተማሪ ቃል ለሁሉም ይላክ፤ አምስት መቶ ብር ለሰጠውም ጭምር። እድር ለዘመናት የጸናው መዝገቡ ለአባላቱ ሁሉ ክፍት ስለሆነ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ፈንድም የተለየ ሂሳብ፣ በየዓመቱ የሚታተም የኦዲት ሪፖርትና ምሩቃን ያሉበት ቦርድ ያስፈልገዋል።

ሠራተኛውንም ነገር አደራ። ሙሉ የማስተማር ሰዓት ያለውን መምህር «በተጨማሪ ይህንንም ያዝ» ማለት ሥራውን መግደል ነው። ሁለት የሙሉ ጊዜ ሰዎች፣ አንድ ለመረጃ አንድ ለግንኙነት፣ ለጥቂት ዓመታት ሳይነሡ ይመደቡ። የአፍሪካን ልምድ ማየት ለሚፈልግ፣ በኬፕታውን በ2002 የተመሠረተው ኢንያቴሎ የተባለ ተቋም የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን በዚሁ ሥራ ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ከአሜሪካው ይልቅ የእሱ መንገድ ለእኛ የሚቀርብ ይመስለኛል።

አሜሪካ ሆኜ ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ብሰጥ ከግብር ይቀነስልኛል?

በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ከላኩ አይቀነስም፤ የአሜሪካ ሕግ ቅናሹን የሚፈቅደው እዚሁ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። መንገዱ በአሜሪካ 501 ሲ 3 ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል መስጠት ነው፤ ብዙ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች «ወዳጆች» በሚል ስም እንዲህ ያለ ድርጅት አላቸው። ድርጅቱ ገንዘቡን እንዲሁ የሚያሳልፍ ቧንቧ መሆን የለበትም፤ የራሱ ቦርድ በገንዘቡ አጠቃቀም ላይ የመወሰን ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ከመስጠትዎ በፊት የድርጅቱን ስም በአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉ። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጡ፣ መጠኑንና በምላሹ የተቀበሉት ነገር መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ የግብር ማሳወቂያዎን ከማስገባትዎ በፊት በእጅዎ መገኘት አለበት።